አፕቲትዩድ እና የሐኪምነት በር

«አፕቲትዩድ አይጠናም» ይባላል። ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ፣ ከሾኔ እስከ አንጋጫ ይህን አባባል ያልሰማ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ፊዚክስ ይጠናል፣ ባዮሎጂ ይጠናል፤ አፕቲትዩድ ግን ወይ አለህ ወይ የለህም ነው ነገሩ። ሕክምና ለመግባት ለሚያስብ ልጅ ደግሞ አንዲት ነጥብ እንኳ ዋጋ አላት። ስለዚህ አባባሉ ቀልድ ሆኖ አይቀርም፤ ሳይሞክር ተስፋ ያስቆርጠዋል። ታዲያ እውነት ነው ወይ? መልሱን ለማግኘት ፈተናው ከየት እንደ መጣ፣ በአገራችንም የሐኪምነት በር እስከ ዛሬ በምን ሲከፈት እንደ ኖረ ማየቱ ይበጃል።

መጀመሪያ በሩን የከፈተው ዕድል ነበር። በዘመናዊ ሕክምና የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም የሚባሉትን ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ማንም ፈትኖ አልመረጣቸውም። እ.ኤ.አ. በ1868 በመቅደላው ጦርነት ማግሥት ከወላጆቻቸው የተለዩ ሕፃን ነበሩ። አንድ የእንግሊዝ መኮንን ወደ ሕንድ ወሰዳቸው፤ እዚያው አድገው እ.ኤ.አ. በ1882 ከላሆር የሕክምና ትምህርት ቤት ወጡ። ችሎታቸው አያጠራጥርም። ግን ችሎታው የታየው በሩ በአጋጣሚ ስለ ተከፈተ ነው። በዚያው ዘመን እንደ እርሳቸው ያለ ጭንቅላት ይዞ ከብት ሲጠብቅ ያረጀው ስንቱ ነው? ይህን ማንም አልቆጠረውም።

ቀጥሎ በሩ በትምህርት ቤት በኩል ሆነ። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1964 ደግሞ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1978 በላይፕዚግ የካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ የጎንደሩ የሕክምና ፋኩልቲ እስኪጀመር ድረስ፣ አገር ውስጥ ሐኪም ለመሆን የሚፈልግ ወጣት የሚያንኳኳው በር ያ የአዲስ አበባው ነበር። ቁልፉም ማትሪክ ነው። ማትሪክ የሚፈትነው የተማርከውን ነው፤ የተማርከው ደግሞ መምህርና መጽሐፍ ያገኘኸውን ያህል ነው። ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ላደገ የሐድያና የከምባታ ልጅ ይህ ምን ማለት እንደ ነበር ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም።

አሁን ወደ ባሕር ማዶ እንሻገር፤ አፕቲትዩድ የሚባለው ነገር ለሕክምና የተበጀው እዚያ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች አንድ ራስ ምታት ነበረባቸው፤ የተቀበሏቸው ተማሪዎች እየወደቁ ይወጡ ነበር። በአንዳንዱ ትምህርት ቤት የሚወጣው ከመቶ አምስት ሲሆን በሌላው ግማሽ ይደርሳል። ፍሬድ ሞስ የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር ይህን ለማቃለል እ.ኤ.አ. በ1928 ለሕክምና ተማሪዎች የሚሆን የችሎታ ፈተና አዘጋጀ። ፈተናው የማስታወስ ችሎታን፣ የሳይንስ ቃላትን፣ አንብቦ መረዳትንና በአመክንዮ ማሰብን ይለካል። የዛሬው ኤምካት የሚባለው የአሜሪካኖች ፈተና የዚሁ ልጅ ነው፤ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 የወዳቂው ቁጥር ከመቶ ወደ ሰባት ወርዶ ነበር። ይህን ሁሉ ፈተናው ብቻውን አደረገው ማለት ግን አይቻልም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። የሞስ ፈተና ችሎታን እለካለሁ ይበል እንጂ የሳይንስ ቃላትና ለሕክምና የሚያዘጋጅ ዕውቀት ነበረበት። ቃል ደግሞ ከእናት ሆድ ይዘውት አይወጡም፤ ይማሩታል። እንግዲህ ገና ከጥንስሱ ችሎታና ትምህርት ተለያይተው አያውቁም።

ማትሪክ ቀርቶ ፕሪፓራቶሪ ሲመጣ በእኛም አገር የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ውስጥ ስኮላስቲክ አፕቲትዩድ አንድ የትምህርት ዓይነት ሆኖ ገባ። አንዱ ክፍል በቃላት፣ ሌላው በቁጥር ነው። እስቲ ቁጥሩን እንየው፦ 2፣ 6፣ 12፣ 20፣ ቀጥሎስ? ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ልጅ ሦስት ደቂቃ ይቆዝምበታል። ልዩነቱ 4፣ 6፣ 8 እያለ እንደሚሄድ አንድ ጊዜ ያሳዩት ግን በአሥር ሴኮንድ 30 ብሎ ያልፈዋል። የሁለተኛው ጭንቅላት ከፊተኛው አይበልጥም፤ አሳዪ ስላገኘ ነው። የቃላቱም እንደዚያው። ቢላዋ ለሥጋ ቆራጭ ከሆነ ለቀዶ ሐኪም ምንድን ነው ቢባል፣ እናቱ እንሰት ስትፍቅ እያየ ያደገ ልጅ መሣሪያና ሥራ እንዴት እንደሚዛመዱ አሳምሮ ያውቃል። ጥያቄው የሚመጣው ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ ስካልፔል የምትለዋን ቃል ካላወቀ ዝምድናውን ማወቁ ምንም አይፈይድለትም። ወረቀቱ ችሎታ የለህም ይለዋል፤ የጎደለው ግን መዝገበ ቃላት ነው።

ይህ በእንዲህ እንዳለ በሩ ሰፋ። ካለፈው ሃያ ዓመት ወዲህ መንግሥት የሐኪም እጥረትን ለማቃለል ቅበላውን በጣም ጨመረ፤ በዓመት ጥቂት መቶ የነበረው የሕክምና ተማሪ ከሦስት ሺህ በላይ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን በመግቢያ ፈተና እየመረጠ ሐኪም የሚያደርግ አዲስ መርሐ ግብር በ13 ተቋማት ተጀመረ። ሆሳዕናም የራሷን ዩኒቨርሲቲ አገኘች፤ በ2001 ዓ.ም. የተመሠረተው ዋቸሞ በ2004 ማስተማር ጀመረ። የማስተማሪያ ሆስፒታሉም ከሐድያ በወጣችው በንግሥት እሌኒ መሐመድ ስም ይጠራል።

በሩ ሰፋ ማለት ግን መንገዱ ተስተካከለ ማለት አይደለም። በ2014 የትምህርት ዘመን የተማሩት፣ ፈተና ይሰረቃል በሚል ምክንያት፣ በ2015 መግቢያ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ተፈተኑ። ያን ሰሞን ተማሪ ሻንጣውን ይዞ፣ በወላጅ ምርቃት ታጅቦ ወደ መፈተኛው ተጓዘ። ውጤቱ ሲመጣ በአገር አቀፍ ደረጃ ከተፈተኑት ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ ከመቶ ሦስት ነጥብ ሦስት ማለት ነው። የቀረው ሁሉ ችሎታ የለውም እንበል? ይህን የሚል ሰው ስለ ትምህርት ቤቶቻችን ሳይሆን ስለ ልጆቻችን የሚፈርድ ነው።

ፈተና ይቅር አልልም። ሁለት መቶ ወንበር ባለበት ሁለት ሺህ ሰው ከመጣ መምረጥ ግድ ነው፤ በዘመድ ከመምረጥ ደግሞ በወረቀት መምረጥ እጅግ ይሻላል። የምለው፣ ታሪኩ እንደሚያሳየን ወረቀቱ ከሚለካው ውስጥ አብዛኛው ዝግጅት ነው፤ ዝግጅት ደግሞ ይካፈሉታል እንጂ ከሰማይ አይወርድም። ወረቀቱ ጨርሶ የማይለካው ነገርም እንዳለ አንርሳ። ከገጠር ሕመምተኛ እናቷን ይዛ የመጣች ልጅ በሐድይኛ ወይም በከምባትኛ ስትናገር የሚያደምጥ ሐኪም ያስፈልጋታል፤ ማድመጥን የሚጠይቅ ምርጫ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ የለም። ያንን ማድመጥ የሚችለው ልጅ ምናልባት በስካልፔል ምክንያት በሩ ላይ የቀረው ነው።

ስለዚህ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በዚህ ክረምት ከመናኸሪያው ወርደን ወደየቀበሌያችን ስንገባ ባዶ እጃችንን አንግባ። የያዝነውን ወርክሺት፣ ያጠናነውን የቃላት ዝርዝር፣ የቁጥሩን ዘዴ ሁሉ ይዘን ሰፈራችን ላሉት ታናናሾች አንድ ወር እናስጠናቸው። ጠመኔና ጥላ ያለው ዛፍ ይበቃል። «አፕቲትዩድ አይጠናም» የሚለውን አባባል የሚያጠፋው ክርክር አይደለም፤ አጥንቶ ያለፈ አንድ የሰፈር ልጅ ነው።