ከሲድር ቅጠል እስከ ሻምፖ ጠርሙስ

በሳሊተ ምሕረት አካባቢ ወደ አንዱ ሱቅ ጎራ ብንል ሻምፖው በየዓይነቱ ተደርድሮ እናገኛለን። ብዙ ልጆቻችን ይህ ሥልጣኔ፣ የእናቶቻቸው ቅቤና ቅጠል ደግሞ ኋላ ቀርነት ይመስላቸዋል። እስቲ ታሪኩን እንመልከት።

ቃሉ ራሱ ከእንግሊዝ አልተገኘም፤ «መጫን፣ ማሸት» ከሚል የሂንዲ ቃል የመጣ ነው። በእንግሊዝ አገር ዝነኛ ያደረገው ደግሞ በ1759 እ.ኤ.አ. በሕንድ ፓትና ከሙስሊም ቤተሰብ የተወለደው ዲን ሙሐመድ ነበር። በ1814 ብራይተን ከተማ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት ከፍቶ ነገሥታትን ሳይቀር አገልግሏል። ያኔ ግን ሻምፖ ማለት ገላ ማሸት ነበር።

ፀጉር የሚታጠበው በሳሙና ነበር። ሳሙና ካልሲየምና ማግኒዥየም በበዛበት ውሃ ሲገባ ነጭ ዝቃጭ ይሠራና ፀጉር ላይ ይቀራል። በ1934 ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከሳሙና ሳይሆን በኬሚስቶች ከተቀመመ አጣቢ የተሠራ «ድሪን» የሚባል ሻምፖ አወጣ። ዝቃጩ ጠፋ። ይሁን እንጂ አጠባው ከልክ አለፈ፤ የፀጉሩን የተፈጥሮ ወዝ ጨምሮ ስለወሰደው ፀጉሩ ደረቀ። ስለዚህ በኋላ ማለስለሻ ማከል ግድ ሆነ። በአንድ እጅ የወሰዱትን ወዝ በሌላው መሸጥ ማለት ነው! እናቶቻችን ቅቤ የሚቀቡት ለምን እንደነበር አሁን ይገባናል። እርግጥ ቅቤውም ሲበዛ አይመሰገንም፤ ለጉስል ውሃው ፀጉር ሥር መድረስ አለበትና።

አረፋስ ቢሆን? እንዶድም የሲድር ቅጠልም ሳፖኒን የሚባል አረፋ የሚሰጥ ንጥረ ነገር አላቸው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያዩት በዚሁ ሳቢያ ነበር፤ የቢልሃርዚያ ምርምራቸውም ከዚያ ተነሣ። እንዶድ ግን ለልብስ እንጂ ለራስ አይመከርም፤ ዓይን ይለበልባል።

ሲድር፣ አገራችን ቁርቁራ የምንለው፣ ለስላሳ ነው። የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጅ ባረፈች ጊዜ በውሃና በሲድር እንድትታጠብ ማዘዛቸውን፣ አጣቢዎቿም ፀጉሯን ሦስት ቦታ መጎንጎናቸውን ኡሙ ዐጢያ አስተላልፋለች። ሶማሌ እህቶቻችን ፊታቸውንና ፀጉራቸውን የሚያጥቡበት ቀሲልም ከዚሁ ከሲድር ወገን ከሆነ ዛፍ ቅጠል የሚፈጭ ዱቄት ነው።