ጉሹን የሚያጠራው ጊዜ

ባልትና የምታውቅ እመቤት ጋኑን ከድና፥ አተላው እስኪዘቅጥ ትታገሣለች እንጂ ጉሹን ለእንግዳ አታቀርብም። ይህንኑ ትዕግሥት የባቫሪያ ሰዎች በሕግ አጽንተውት ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1553 መስፍኑ አልብረሽት 5ኛ፥ ከአፕሪል 23 እስከ ሴፕቴምበር 29 ቢራ እንዳይጠመቅ ከለከለ፤ በሙቀቱ ወራት የተጠመቀው ይበላሽ ነበርና። ስለዚህ በብርዱ ወራት የተጠመቀው በቀዝቃዛ ምድር ቤት ለብዙ ጊዜ ይቀመጥ ጀመር፤ በዚያም እርሾው ወደ ታች ሰፍሮ ቢራው ይጠራል፥ ጣዕሙም ይለዝባል። «ላገር» የተባለው ቢራ ስያሜውን ያገኘው ከዚሁ ማስቀመጥ ነው። በ1870ዎቹ ካርል ፎን ሊንደ የማቀዝቀዣ መኪና ለሙኒክ ጠማቂዎች ስለ ሠራላቸው፥ ክረምት ከበጋ መጥመቅ ተቻለ። ይሁን እንጂ መኪናው ብርዱን ሰጠ እንጂ ጊዜውን አላስቀረም። እንግዲህ እናንተም ልብ በሉ፤ ሳይጠራ የሚቀዳ ሰው የብዙ ቀን ድካሙን በአንድ ዋንጫ ያጠፋዋል።