ከይፋግ እስከ በርሊን፦ ለቡሄ ማታ የታሰበ አንድ ስም

ነሐሴ 12 ቀን ማታ በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባሉት የደጋ መንደሮች ችቦ ይበራል። ጅራፍ ይጮኻል፤ እናቶች ሙልሙል ይጋግራሉ፤ ልጆች ከደጅ ደጅ እየዞሩ ይጨፍራሉ። በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ጌታ በታቦር ተራራ ብርሃነ መለኮቱን የገለጠበትን ቀን ታከብራለች። ከተማዋና በዓሉ በአንድ ስም ስለሚጠሩ የደብረ ታቦር ሰው ቡሄን «የእኛ ነው» ቢል አይፈረድበትም።

ከተሜው አንባቢ ብዙ ጊዜ የማያስተውለው ነገር ግን አለ። ደብረ ታቦር የተማሪ በዓልም ነው። ዓመቱን ሙሉ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ፣ ቁራሽ ለምኖ የሚማረው የቆሎ ተማሪ ከምእመናን ባሰባሰበው እህል ጠላ ጠምቆ፣ ዳቦ ደፍቶ፣ በተራው ጋባዥ የሚሆንበት ዕለት ነው። በደቡብ ጎንደር ደጋ ደግሞ ተማሪ ማለት ተጓዥ ማለት ነው። ድጓ የፈለገ ወደ ጋይንት ቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት የፈለገ ወደ ዙር አምባ፣ ቅኔ የፈለገ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጎጃም ይሄዳል። እናቱ የሸኘችው ልጅ ለዓመታት ላይመለስ ይችላል፤ ሲመለስም ሌላ ሰው ሆኖ ነው። እንግዲህ ይህ ጸሐፊ ከዚሁ አገር ወጥቶ ከሁሉም ርቆ ስለ ሄደ አንድ ተጓዥ ለመጻፍ የተነሣሣው ቡሄን እያሰበ ነው። (ዘመኖቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጣለሁ።)

አስቀድሜ ግን «አሳሽ» ስለሚለው ቃል አንድ ነገር ልበል። በትምህርት ቤት የተማርነው አሳሽ ሁሉ ነጭ ነበር። ጄምስ ብሩስ በ1770 ግሽ ዓባይ ደረሰ ተብለን ተምረናል። የአካባቢው ሰው ከምንጩ ጠበል ሲጠጣ እንደኖረ፣ ከብሩስ በፊትም ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ኢየሱሳዊ በ1618 እንዳየው የሚነግረን መምህር ብዙ አልነበረም። ብሩስን እየመራ ወደ ምንጩ ያደረሰው ሰው ወልዶ ይባላል። ስሙ ለእኛ የተረፈው ብሩስ በመጽሐፉ ተንኮለኛነቱን ስለጻፈበት ነው፤ ምንጩን ለማሳየት የብሩስን የሐር መታጠቂያ ተቀብሏልና። ለመሆኑ መንገዱን የሚያውቀው ማን ነበር? መታጠቂያውን የሰጠው ወይስ የተቀበለው?

ጥቁር አሜሪካውያን ይህንኑ ጥያቄ ስለ ማቲው ሄንሰን ጠይቀዋል። በሜሪላንድ በ1866 የተወለደው ሄንሰን ከሮበርት ፒሪ ጋር ለብዙ ዓመታት በረዶውን አቋርጧል፤ የኢኑይት ሕዝብን ቋንቋ ተምሯል፤ የውሻ ሠረገላ መሥራትና መንዳት ተክኗል። ሚያዝያ 6 ቀን 1909 ከፒሪና ከአራት ኢኑይቶች ጋር የሰሜን ዋልታ ደረስን ባሉ ጊዜ (በትክክል መድረሳቸው እስከ ዛሬ ቢያከራክርም) ክብሩ ሁሉ ለፒሪ ሆነ። ሄንሰን በኒውዮርክ ጉምሩክ ጸሐፊነት ረጅም ዘመን ቆየ። የአሳሾች ክበብ አባል ያደረገው በ1937 ነው። በ1955 ሞቶ በተራ መቃብር ተቀበረ፤ አጽሙ ወደ አርሊንግተን ብሔራዊ መቃብር የገባው ዋልታ ደረሱ በተባለበት ዕለት መታሰቢያ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1988 ነበር። ዛሬ ስሙ የሚታሰብባቸው ቀኖችና ስፍራዎች አሉ። ዘግይተው ይሁን እንጂ ወገኖቹ አልረሱትም።

ሄንሰን በበረዶ ላይ ሲመላለስ በነበረባቸው በእነዚያው ዓመታት፣ የቤጌምድር ይፋግ ተወላጅ የሆኑ አንድ ኢትዮጵያዊ ሊቅ በበርሊን ወንበር ዘርግተው ያስተምሩ ነበር። አለቃ ታየ ገብረ ማርያም ናቸው።

ይፋግ ዛሬ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ለሚጓዝ ሰው አዲስ ዘመን አካባቢ የምታልፍ ትንሽ ከተማ ናት። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ግን የአሞሌ ጨው፣ የጥጥና የከብት ነጋዴ የሚገናኝባት ስመ ጥር ገበያ ነበረች። ታየ በ1861 የተወለደው እዚያ ነው። አገሩ ያን ጊዜ የዐፄ ቴዎድሮስ ነበር። ንጉሡ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት መድፍ ሲያስቀርጹ፣ በ1866 ጎንደርን ሲያቃጥሉ፣ በ1867ም ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ሲያቀኑ ብላቴናው ነፍስ እያወቀ ነበር። ገና በልጅነቱ ከቀዬው ወጥቶ ወደ ምጽዋ ወረደ። ከበጌምድር ደጋ እስከ ቀይ ባሕር ያለው የሲራራ መንገድ ተከዜን ተሻግሮ፣ ትግራይንና ሐማሴንን አቋርጦ፣ በመጨረሻ ወደ በረሓ የሚጥል የሳምንታት ጉዞ ነው። ለሕፃን ልጅ ይህ አሰሳ ካልተባለ ምን ሊባል እንደሚችል አላውቅም።

በምጽዋ አቅራቢያ ምንኩሉ በተባለው ስፍራ የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ነበረ። ከኢሉባቦር ተፈንግሎ በባርነት ተሽጦ ነፃ የወጣው ኦነሲሞስ ነሲብም ያደገው በዚሁ ሚስዮን እጅ ነው፤ በ1899 የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ከአስቴር ጋኖ ጋር ያዘጋጀ ሰው ነው። የይፋጉ ልጅና የኢሉባቦሩ ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር ፊደል መቁጠራቸውን ዛሬ በዘር ተቧድነው የሚነታረኩ ወገኖቼ ቢያስቡት ደግ ነበር፤ ይህን ግን ለሌላ ቀን ላቆየው። ታየ የግዕዝን ሊቅነት ከአዲሱ ትምህርት ጋር አዋሕደው አደጉ፤ የግዕዝ ሰዋስው መጽሐፋቸውም በዚያው በምንኩሉ ማተሚያ ቤት ታተመ።

በ1905 በፍሪድሪኽ ሮዘን የሚመራ የጀርመን መልእክተኛ ቡድን አዲስ አበባ ገብቶ ከዐፄ ምኒልክ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋለ። በዚያው ዓመት አለቃ ታየ በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ወደ በርሊን ተጓዙ፤ በምሥራቃውያን ቋንቋዎች ሴሚናር ግዕዝና አማርኛ እስከ 1908 አስተማሩ። በኋላ በኢትዮጵያ ጥናት ስሙ የታወቀው ኦይገን ሚትቮኽ ከእርሳቸው ጋር የሠራ ሰው ነው።

ይህን ወንበር አቅልሎ ማየት አይገባም። ሴሚናሩ ለጀርመን ዲፕሎማቶችና ለቅኝ ግዛት ሹማምንት ቋንቋ የሚያስተምር ተቋም ነበር። ታየ ባስተማሩባቸው ዓመታት የጀርመን ጦር ዛሬ ናሚቢያ በምትባለው አገር ሄሬሮንና ናማን እየጨፈጨፈ፣ በታንጋኒካም የማጂ ማጂን ዐመፅ በደም እያጠፋ ነበር። በበርሊን የአፍሪካ ሰው በአጥር ተከልሎ ለተመልካች በሚታይበት ዘመን አንድ ጥቁር ሊቅ በመምህርነት ተቀምጦ ነጮችን «ይህ ግስ እንዲህ ይረባል» እያለ ያርም ነበር። ከዓድዋ ድል ገና ዘጠኝ ዓመት ነበር ያለፈው። ድሉ በጦር ሜዳ ብቻ ያልቀረ መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘሁም።

ሌላም ግጥምጥሞሽ አለ። በ1906 መጀመሪያ በኤኖ ሊትማን የተመራ የጀርመን የጥናት ቡድን አክሱም ገብቶ ሐውልቶቹን ለካ፣ ጽሑፎቹን ገለበጠ፤ ውጤቱም በ1913 በአራት ቅጽ ታተመ። ትልቅ ሥራ ነው፤ የአክሱምን ጽሑፎች ዛሬም በዚያ ቡድን ቍጥር እንጠራቸዋለን። ጀርመናዊው አክሱምን ሲመረምር ይፋጌው በርሊንን እያየ ነበር። ታሪክ የመጀመሪያውን «ኤክስፔዲሽን» አለው፤ የሁለተኛውን ጉዞ ግን ስም አላወጣለትም። ልዩነቱ ምንድን ነው? የርቀቱ ልክ ያው ነው፤ የተቀየረው አቅጣጫው ብቻ ነው።

ከአለቃ ታየ በፊትም በኋላም በዚህ መንገድ የሄዱ አሉ። ከዐማራ መካነ ሥላሴ የወጡት አባ ጎርጎርዮስ በ1652 ጀርመን አገር ጎታ ድረስ ተጉዘው ሂዮብ ሉዶልፍን አስተምረዋል፤ ሉዶልፍ «የኢትዮጵያ ጥናት አባት» ተባለ፤ እርሳቸው በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከብ ሰጥሞ ሞቱ። ሊትማንን ትግረ ያስተማረውና እስከ ሽትራስቡርግ ተከትሎት የሄደው ናፍዕ ወድ ዕትማን ደግሞ በ1909 ሲመለስ በባሕር ጉዞ ላይ እንደ ወጣ ቀረ።

አለቃ ታየን ግን ባሕር አልበላቸውም። አገራቸው ገቡ። ከዚያስ? በኑፋቄ ተከሰሱ፣ ታሰሩ። ሊቃውንቱ በሚስዮን እጅ ያደገውን ሰው እምነት አላመኑትም፤ እርሳቸውም የጻፉትንና ያስተማሩትን አልካዱም። እንዲህ ተጠርጥረውና ተገልለው ኖረው በ1924 ዐረፉ።

እዚህ ላይ ነው ከሄንሰን ታሪክ ጋር ያለው መመሳሰል የሚያቆመው። ሄንሰንን የጋረደው የነጮች ዘረኝነት ነው፤ ወገኖቹ አነሡት። ታየን ግን ነጮቹ ወንበር ሲሰጧቸው ያሰራቸው የገዛ አገራቸው ነው። ስለ ጥቁር ተጓዦች መዘንጋት ስናወራ ጣታችንን ወደ አውሮፓ ብቻ መቀሰር የለመድን ሰዎች ይህን መዋጥ ይከብደናል። ወደ ውጭ ሄዶ የተመለሰን ሰው «ምን ይዞ መጣ?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «ምን ሆኖ መጣ?» ብሎ መጠርጠር ከአለቃ ታየ ዘመን ጋር ያለፈ ልማድ አይደለም። ከዚያ ወዲህ የመጡ መንግሥታትም ቢሆኑ ከባሕር ማዶ ለተመለሰ ምሁር ቤተ መንግሥትንና ወህኒን ጎን ለጎን አዘጋጅተው ጠብቀዋል።

በ1922 በአስመራ የታተመው «የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ» ብዙ ጊዜ ተደጋግሞ ታትሟል፤ በ1987ም በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በኡፕሳላ ወጥቷል። መጽሐፉን ያነበበ ሁሉ ግን ጸሐፊውን ያውቃል ማለት አይደለም። ደግሞም ለማክበር ሲባል ማድበስበስ አያስፈልግም፦ አለቃ ታየ ስለ ሕዝቦች አመጣጥ የጻፉት ብዙው ከአፈ ታሪክ የተቀላቀለ ነው፤ ስለ አንዳንዱ ሕዝብ ያሉትም ዛሬ ቅር ያሰኛል። ይህ ጸሐፊ መጽሐፉን እንደ ማስረጃ አይጠቅሰውም። ነገሥታትን ሳይሆን «ሕዝብን» በርእሱ ያስቀደመ የአማርኛ ታሪክ በዚያ ዘመን መጻፉን ግን ያደንቃል።

ደብረ ታቦር የምታስበው ታሪክ አላጣችም። ጋፋት አለች። ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል በዚያ ተቀርጾ ከ1867 ጀምሮ እስከ መቅደላ ተጎትቷል። የቀረጹትን አውሮፓውያን፣ እነ ቫልድማየርን፣ በስም እናውቃቸዋለን፤ መንገዱን ጠርገው መድፉን በትከሻቸው የገፉት ሺህዎች ግን ስም የላቸውም። የመድፉ ምስያ በአዲስ አበባ አደባባይ ቆሟል። መድፍ ማቆም ይቀላል፤ ለመምህር የሚቆመው ምን እንደሆነ ገና አልተስማማንም።

ሐሳቤ ይህ ነው፤ በቡሄ ማታ ችቦው ከተለኮሰ በኋላ የደብረ ታቦርና የይፋግ ተማሪዎች የዚህን ሰው ጉዞ ቢያነቡ፣ ካርታ ላይ ከይፋግ እስከ ምጽዋ፣ ከምጽዋ እስከ በርሊን መሥመር ቢያሰምሩ። የሚነሣው ተቃውሞ አይጠፋኝም። በዓሉ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሰውዬው ደግሞ በኑፋቄ የተከሰሱ ናቸው። ትክክል ነው። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን በማሕሌቷ ስማቸውን ታንሣ፣ የቀደሙ አባቶች ፍርድም ይሻር የሚል አይደለሁም፤ ይህ የእኔ ሥልጣን አይደለም። ቡሄ ግን ሁለት ደጅ አለው። አንዱ የመቅደሱ ነው፤ ሌላው የሜዳው፣ የልጆቹና የተማሪው። እኔ የማንኳኳው ሁለተኛውን ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመጀመሪያው ይከብዳል። በ2023 በአማራ ክልል ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በርካታ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ተዘግተው ቆይተዋል፤ መንገድ ያለ ስጋት የማይታለፍበት ወቅትም ብዙ ነው። ልጁ ደብተሩን ጥሎ በተቀመጠበት ስለ በርሊን ወንበር ማውራት ቅንጦት ይመስላል። ለዚህ ያለኝ መልስ አንድ ብቻ ነው፤ ታየም ከይፋግ የወጣው በሰላሙ ጊዜ አልነበረም።