በዋግ ምድር ስለ ተገኘው ዓሣና ስለ ልኬቱ

የዋግ ታሪክ ሲነሣ አስቀድመው የሚታወሱት ዋግሹሞችና በሰቆጣ አጠገብ ከአለት የተፈለፈለው የውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ ቀጥሎም ድርቅና የ1977 ዓ.ም. ረኀብ ይነሣሉ። ዓሣ ከዚህ አገር ስም ጋር ይጣመራል ብሎ ያሰበ ሰው ጥቂት ነበር።

ነገር ግን ቁመቱ 188 ሜትር የሆነው የተከዜ ግድብ በኅዳር 2002 ዓ.ም. በተመረቀ ጊዜ፣ ለኤሌክትሪክ ኀይል የታገደው ውሃ በዋግ ኽምራና በትግራይ መካከል ተኝቶ ሐይቅ ሆነ። ቆሮሶና አምባዛ በዙበት፤ ገበሬውም መረብ መጣል ለመደ። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የሰቆጣ ቃል ኪዳን በታወጀ ጊዜ፣ ሕፃናትን ከምግብ እጥረት ለማዳን ለተነሣ አገር ይህ ዓሣ ቀላል ሀብት አልነበረም።

እንግዲህ ጥያቄው በየዓመቱ ምን ያህል ቢጠመድ ዘሩ አይጠፋም የሚል ነው። አዲስ ግድብ በዚህ ረገድ ሰውን ያታልላል። ውሃው የዋጠው ሣርና ቍጥቋጦ እየበሰበሰ ለዓሣው ምግብ ስለሚሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርቱ ይትረፈረፋል፤ ያ ስንቅ ሲያልቅ ግን ይቀንሳል። የመጀመሪያውን ዓመት ምርት አይቶ ጀልባና መረብ የሚያበዛ ሰው በኋላ ይቸገራል።

ሳይለኩ ማጥመድ የሚያመጣውን ጣና አሳይቶናል። ጀርመናዊው ሩፔል የጣናን ዓሦች መልክና ስም በ1828 ዓ.ም. ገደማ ጽፎ አሳትሞ ነበር፤ ሆኖም ስም መመዝገብ ብዛትን መለካት አይደለም። በደንገል ታንኳ ይጠመድ በነበረው ሐይቅ ላይ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ በ1978 ዓ.ም. ገደማ ገባ። ተመራማሪዎች ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ያለውን ጊዜ ባነጻጸሩ ጊዜ፣ ለመራባት ወደ ወንዝ ከሚወጣው ነጭ ዓሣ ሦስት አራተኛው ያህል ጐድሎ አገኙት። በክረምት ዕንቍላል ሊጥል ሲወጣ በወንዝ አፍ ላይ መረብ ይጠብቀው ነበርና! የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 የወጣው ከዚህ በኋላ፣ በ1995 ዓ.ም. ነው።

ልኬቱ ራሱ ረቂቅ አይደለም፤ ትዕግሥትን ግን ይጠይቃል። ቀዳዳቸው የተለያየ መረቦች በየወሩ ይጣላሉ፤ የተያዘው ዓሣ ርዝመቱና ክብደቱ ይጻፋል፤ ሆዱም ተከፍቶ ለመራባት መድረሱ ይታያል። ከሁሉ የሚበልጠው አንድ መረብ በአንድ ሌሊት የያዘው መጠን ነው፤ መረቡ ሳይለወጥ መጠኑ ከዓመት ዓመት ካነሰ ዓሣው እየቀነሰ ነው ማለት ይቻላል። የሰቆጣ ዝናብ አጠር ግብርና ምርምር ማዕከል በተከዜ ሐይቅ ላይ ይህን የመሰለ ጥናት ማካሄዱ የሚመሰገን ነው።

በተከዜ ላይ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። የቆሮሶ ወንድ ጐጆውን የሚቈፍረው ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ነው፤ ተርባይኑ ውሃውን ሲስበው ያ ዳርቻ ይደርቃል። ስለዚህ የአጥማጁ መዝገብ ከግድቡ የውሃ ከፍታ መዝገብ ጋር ተያይዞ መነበብ ይኖርበታል። ሐይቁም የሁለት ክልሎች ነው፤ በዋግ ዳር ብቻ የተጻፈው መዝገብ በትግራይ ዳር የተያዘውን አይጨምርም።