የውጭ ባንክ ብድርና የትላልቅ ፋብሪካዎች ግንባታ፤ የስኳር ልማቱ ተሞክሮ

በአዲስ አበባ ከተማ ኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ፣ በቤቴልም ሆነ በአጎራባች ሰፈሮች፣ ስኳር ለበርካታ ዓመታት በሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሱቆች አማካይነት በኮታ ሲከፋፈል መቆየቱ ይታወቃል። ነዋሪው ተራ የሚጠብቅበት ምክንያት ብዙ ቢሆንም፣ አንዱ በ2000 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተፈረመ የውጭ ባንክ ብድር ጋር የተያያዘ ነው። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለው ብድር እንዴት እንደሚሠራና የአገራችን የስኳር ልማት በዚህ ረገድ ያለፈበትን መንገድ ይዳስሳል።

ኢትዮጵያ ዘመናዊ የስኳር ምርት የጀመረችው በብድር አይደለም። በ1943 ዓ.ም. ከመንግሥት ጋር ውል የፈጸመው ኤች ቪ ኤ የተባለው የኔዘርላንድ ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. የወንጂን ፋብሪካ ሥራ ሲያስጀምር፣ ካፒታሉንም የአገዳ እርሻ ልምዱንም ይዞ ነበር የመጣው። ሸዋና መተሐራም በዚሁ መንገድ ተከተሉ። ኪሳራ ቢደርስ በቅድሚያ የሚነካው የኩባንያውን ባለ አክሲዮኖች ነበር። ፋብሪካዎቹ በ1967 ዓ.ም. ከተወረሱ በኋላ ግን መንግሥት ራሱ ባለቤትም ተበዳሪም ሆነ፤ በ1991 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የፊንጫ ፋብሪካ የአፍሪካ ልማት ባንክን ጨምሮ ከውጭ በተገኘ ብድር የተገነባ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጎልቶ የወጣው ኤግዚም ባንክ በሚባሉት የወጪና ገቢ ንግድ ባንኮች በኩል የሚሰጠው ብድር ነው። የእነዚህ ባንኮች ተቀዳሚ ዓላማ የአገራቸውን አምራቾች ምርት በውጭ አገር መሸጥ ነው። በመሆኑም ብድሩ ሲፈቀድ ገንዘቡ ወደ ተበዳሪው አገር ግምጃ ቤት አይገባም። ባንኩ በዚያው በአገሩ ለሥራ ተቋራጩና ለማሽን አቅራቢው ይከፍላል፤ ተበዳሪው የሚረከበው ማሽኑን ነው። ዕቃውና አገልግሎቱ በአብዛኛው ከአበዳሪው አገር እንዲገዛ ውሉ ያስገድዳል። ወለዱ ዝቅተኛ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ጨረታው በአንድ አገር ኩባንያዎች መካከል ሲወሰን የማሽኑ ዋጋ ከፍ ብሎ በወለድ የተገኘውን ቅናሽ ሊውጠው እንደሚችል መዘንጋት አይገባም።

ለተንዳሆ፣ ለፊንጫና ለወንጂ ሸዋ የተገኘው የሕንድ ኤግዚም ባንክ ብድር የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። ጠቅላላ መጠኑ 640 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን የተለቀቀውም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየምዕራፉ ነበር፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ 122 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ፊንጫና ወንጂ ሸዋ ነባር እርሻና ነባር ሠራተኛ ስለነበራቸው የተጨመረላቸውን ማሽን የሚቀበል መሠረት ነበራቸው። ተንዳሆ ግን በአፋር ክልል በታችኛው አዋሽ ከመነሻው የተጀመረ ነው። ለ50 ሺህ ሄክታር የታቀደው እርሻ፣ ከ1.8 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውኃ እንዲይዝ የታሰበው ግድብና የመስኖ ቦዩ ብድሩ ከሚሸፍነው ማሽን ውጭ ነበሩ።

የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ተንዳሆ በመጀመሪያው ምዕራፍ በቀን 13 ሺህ ቶን አገዳ እንዲፈጭ የታቀደ ነው። ከአንድ ሄክታር 130 ቶን አገዳ ይገኛል ብንል፣ ፋብሪካው እንዳይቆም በየቀኑ 100 ሄክታር መታጨድ ይኖርበታል። አገዳ ደግሞ ለመድረስ ከአንድ ዓመት በላይ ይወስዳል፤ ጊዜው ካለፈ ስኳሩ ይቀንሳል፤ ከታጨደም በኋላ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ካልተፈጨ ይበላሻል። ስለዚህ ማሽኑና አገዳው በአንድ ወቅት መገናኘት አለባቸው። በተንዳሆ አልተገናኙም፤ ፋብሪካው በመዘግየቱ የደረሰ አገዳ ዕድሜው አልፎ ማሳ ላይ ቆየ። የሙከራ ምርት የተጀመረው በ2007 ዓ.ም.፣ ውሉ ከተፈረመ ከ7 ዓመት በኋላ ሲሆን፣ ፋብሪካው ከዚያም ወዲህ በሙሉ አቅሙ ሳያመርት ቀርቷል።

የብድሩ ሰዓት ግን ፋብሪካውን አይጠብቅም። በእንዲህ ያሉ የመንግሥት ብድሮች የእፎይታ ጊዜው የሚቆጠረው ከፊርማው ወይም ከገንዘቡ መለቀቅ ጀምሮ እንጂ የመጀመሪያው ስኳር ከወጣበት ቀን አይደለም። ከዚህ በተጨማሪ ዕዳው በዶላር ሲሆን ስኳሩ ለአገር ውስጥ ገበያ የሚሸጠው በብር ነው። 10 ሚሊዮን ዶላር የሚከፈልበት አንድ ቀነ ቀጠሮ በ2000 ዓ.ም. 90 ሚሊዮን ብር ገደማ ይጠይቅ ነበር፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ከመለወጡ በፊት ወደ 570 ሚሊዮን ብር፣ ከለውጡ በኋላ ደግሞ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ1 ቢሊዮን ብር በላይ ሆኗል።

ችግሩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። ጋና የኮመንዳን ስኳር ፋብሪካ ከዚሁ የሕንድ ባንክ በተገኘ 35 ሚሊዮን ዶላር እንደገና ገንብታ በ2008 ዓ.ም. ብታስመርቅም፣ የሚፈጭ አገዳ በመጥፋቱ ፋብሪካው ብዙም ሳይቆይ ቆሟል። ሁለቱም አገሮች ያጡት ማሽን አልነበረም።

በአንደኛው የእድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን (ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም.) የስኳር ምርትን ወደ 2.25 ሚሊዮን ቶን ለማድረስ ታስቦ በርካታ ፋብሪካዎች በአንድ ጊዜ ተጀመሩ። ለኦሞ ኩራዝ ቁጥር 2 እና 3 የቻይና ልማት ባንክ ብድር ሰጠ፤ በ2007 ዓ.ም. በዓለም አቀፍ ገበያ የተሸጠው የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድም ከታሰበለት ዓላማ አንዱ የስኳር ልማቱ ነበር። ግቡ አልተሳካም፤ ስኳር ከውጭ መግዛቱም ቀጠለ። አገሪቱ በ2013 ዓ.ም. በቡድን 20 የጋራ ማዕቀፍ የዕዳ ሽግሽግ ጠየቀች። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የዚያ ቦንድ የወለድ ክፍያ፣ 33 ሚሊዮን ዶላር፣ ሳይከፈል ቀረ።

የግል ተበዳሪ ሲሆን አሠራሩ ይለያል። ለደርባ ሚድሮክ ሲሚንቶ ፋብሪካ ያበደሩት የአፍሪካ ልማት ባንክ፣ ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ኮርፖሬሽንና የአውሮፓ ኢንቨስትመንት ባንክ ከመፈራረማቸው በፊት የጥሬ ዕቃውን፣ የገበያውንና የባለቤቱን መዋጮ መመርመር ነበረባቸው፤ ፋብሪካው ካልከፈለ የመንግሥት ግምጃ ቤት ተተክቶ አይከፍልምና። መንግሥት ሲበደር ግን ባንኩ የሚመለከተው የአገሪቱን ፊርማ ነው። የማሳውን ነገር የመጠየቁ ሥራ ለተበዳሪው መሥሪያ ቤት ባለሙያ ይቀራል።

ተንዳሆን ጨምሮ 8 የስኳር ፋብሪካዎች በ2014 ዓ.ም. ወደ ግል ለማዛወር ለጨረታ ቀርበዋል። ይሁንና በብድር ውሉ ላይ ተበዳሪ ሆኖ የሚታወቀው መንግሥት በመሆኑ፣ ፋብሪካው ባለቤት ቢቀይር እንኳ ዕዳው በራሱ ወደ ገዢው አይሻገርም።