የቆየ ስሕተትና የዘገየ እርማት፤ ከሁለት የፕሮግራም ቋንቋዎች ታሪክ

የአንድ ፕሮግራም ቋንቋ አስተርጓሚ እምብዛም በማይደረስበት የጠርዝ ጉዳይ ላይ የሚሰጠው መልስ ስሕተት ሆኖ ሲገኝ ሊታረም ይገባዋልን? ወይስ በስሕተቱ ላይ ተመሥርተው የተጻፉት ፕሮግራሞች እንዳይፈርሱ እንደነበረ ይቆይ? ጥያቄው ለማኅበራችን አባላት የንድፈ ሐሳብ ክርክር ብቻ አይደለም፤ የድልድይ ሸክም ወይም የወንዝ ፍሰት የምናሰላበት ፕሮግራም ነገ ሌላ ቁጥር ቢሰጠን ተጠያቂዎቹ እኛው ነንና።

ጊዶ ቫን ሮሰም እ.ኤ.አ. በ1991 ለሕዝብ ያቀረበው ፓይተን፣ የሲ ቋንቋን ልማድ በመከተል ሁለት ሙሉ ቁጥሮችን ሲያካፍል ክፍልፋዩን ይጥል ነበር፤ 7 ለ2 ሲካፈል መልሱ 3 ነበር። በሲ ቋንቋ የእያንዳንዱ ተለዋዋጭ ዓይነት አስቀድሞ ስለሚገለጽ ጉዳቱ ውሱን ነው። በፓይተን ግን ዓይነቱ የሚታወቀው ፕሮግራሙ በሥራ ላይ ሳለ በመሆኑ፣ ያው ቀመር 7.0 ሲሰጠው 3.5፣ 7 ሲሰጠው ደግሞ 3 ይመልስ ነበር። የጎደለው ቁጥርም ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ትክክለኛ መስሎ ወደሚቀጥለው ስሌት ይገባ ነበር።

እርማቱ በአንድ ጀንበር አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው የ2.2 እትም፣ ክፍልፋዩ እንዲጣል ለሚፈልግ ሰው ድርብ ሰያፍ ጭረት ተዘጋጀለት፤ አዲሱን ሕግ የሚመርጥም በፋይሉ መግቢያ ላይ በአንድ መስመር እንዲያሳውቅ ተደረገ። አሮጌው ሕግ የቀረው በ2008 ከወጣው ፓይተን 3 ጀምሮ ሲሆን፣ የፓይተን 2 ጥገና የተቋረጠው በ2020 መባቻ ነው። መንገዱ በጠቅላላው 18 ዓመት ያህል ፈጀ።

የጃቫስክሪፕት ዕጣ ከዚህ የተለየ ነው። ብሬንደን አይክ እ.ኤ.አ. በ1995 የመጀመሪያውን ንድፍ በአሥር ቀን ሲሠራ፣ ለዕቃ ዓይነት የተሰጠው መለያ ዜሮ ነበር፤ «ምንም» ማለት የሆነው ነል የተባለው ዋጋም በዜሮ ይወከል ነበር። ስለዚህ አስተርጓሚው የነል ዓይነት ምን እንደሆነ ሲጠየቅ «ዕቃ ነው» ብሎ መለሰ፤ ዛሬም እንዲሁ ይመልሳል። ይህን ለማረም የቀረበው ሐሳብ ነባር ገጾችን ያበላሻል ተብሎ ተትቷል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም እንዲሉ፣ የቋንቋው ባለቤቶች ከአሮጌው አጠገብ አዲስ ማኖርን መረጡ። በ1999 አስቸጋሪውን ድርብ የእኩልነት ምልክት ሳይነኩ ሦስት ጭረት ያለውን ጨመሩ፤ በ2009ም ጥብቅ ሥርዓት የተባለውን በፈቃድ የሚገባበት ደንብ አወጡ።

የሁለቱ መንገድ የተለያየው ያለ ምክንያት አይደለም። የፓይተን ተጠቃሚ የአስተርጓሚውን እትም ራሱ መርጦ በራሱ መሣሪያ ላይ ያኖራል፤ አሮጌውን እየጠበቀ ወደ አዲሱ ሊሻገር ይችላል። የድረ ገጽ ጸሐፊ ግን አንባቢው በየትኛው አስተርጓሚ እንደሚከፍተው አይወስንም፤ ጸሐፊው የተወው ገጽም የሚያርመው የለውም።

እንግዲህ ጽናትና መሻሻል የሚመዘኑት ለውጡ በሚያስከፍለው ዋጋ ብቻ ሳይሆን፣ ዋጋውን ማን እንደሚከፍልና ለመክፈል ጊዜ የተሰጠው መሆኑን በማየት ጭምር ነው። ስሕተትን ለዘለዓለም ማክበር መጪውን ትውልድ ያስቀጣል፤ ሳያስታውቁ ማረምም ቀድሞ ያመነውን መክዳት ነው። የእኛም ድርሻ ግልጽ ነው፤ ፕሮግራማችን የተጻፈበትን እትም ከስሌቱ ጋር እንመዝግብ፤ የጠርዝ ጉዳዮቹንም እትም በተለወጠ ቁጥር ደግመን እንፈትን።