በቃል የተያዘው ፊልም

እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 1989 ድረስ፣ በአሜሪካ ሚሲሲፒ ግዛት በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳር በምትገኘው ኦሽን ስፕሪንግስ በተባለች ትንሽ ከተማ፣ ሦስት ልጆች አንድን ታላቅ የሆሊውድ ፊልም ትዕይንት በትዕይንት መልሰው ሠሩት። ሲጀምሩ አሥራ ሁለት ዓመት እንኳ በቅጡ ያልሞላቸው ነበሩ፤ ሲጨርሱ ወጣቶች ሆነዋል። ኤሪክ ዛላ ዳይሬክተር ነበር፣ ክሪስ ስትሮምፖሎስ መሪ ተዋናይ፣ ጄሰን ላም ደግሞ ካሜራውን ይዞ ልዩ ልዩ የማስመሰል ሥራውን ያከናውን ነበር። የሚወዱትን ፊልም በጓሮ መጫወት በየአገሩ ያለ የልጆች ልማድ ነው። የኦሽን ስፕሪንግስ ልጆች የሚለዩት ጨዋታውን ሳያቋርጡ ሰባት ዓመት በመዝለቃቸው ነው።

የመረጡት ፊልም «ሬይደርስ ኦቭ ዘ ሎስት አርክ» ይባላል። ታሪኩን ያፈለቀው ጆርጅ ሉካስ፣ ያዘጋጀው ስቲቨን ስፒልበርግ ሲሆን ወደ 20 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ወጥቶበት በ1981 ለሕዝብ ቀረበ። ሃሪሰን ፎርድ የተጫወተው ኢንዲያና ጆንስ የተባለ የጥንታዊ ቅርስ ተመራማሪ በ1936 ታቦተ ሕጉን ከናዚዎች ቀድሞ ለማግኘት ሲሯሯጥ ያሳያል። ለኢትዮጵያዊ ተመልካች ይህ ታሪክ ሌላ መልክ አለው። ታቦቱ ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋር መጥቶ በአክሱም ጽዮን እንደሚገኝ በሚታመንበት አገር፣ «ሎስት አርክ»፣ ማለትም «የጠፋው ታቦት» የሚለው ስም ራሱ በቀላሉ የሚዋጥ አይደለም። ፊልሙ የተመረኮዘው የግብጹ ንጉሥ ሺሻቅ ኢየሩሳሌምን እንደዘረፈ በመጽሐፈ ነገሥት ከተጻፈው ላይ ነው፤ ታቦቱንም የሚያስገኘው መጽሐፍ ቅዱስ ጣኔዎስ ብሎ በሚጠራት የግብጽ ከተማ ውስጥ ነው።

ኤሪክንና ክሪስን ያቀራረባቸው በትምህርት ቤት አውቶቡስ ውስጥ የታየ የዚሁ ፊልም የሥዕል መጽሔት ነበር። ከዚያ በኋላ የገጠማቸውን ትልቁን ችግር የዛሬ ወጣት በቀላሉ አይገምተውም፤ ፊልሙ በእጃቸው አልነበረም። በቪዲዮ ካሴት ለሽያጭ የቀረበው በ1983 መጨረሻ ነው። እስከዚያ ድረስ አንድ ትዕይንት እንዴት እንደተቀረጸ ለማወቅ የነበረው መንገድ ሲኒማ ቤት ገብቶ በዓይን መያዝ ብቻ ነበር። ፊልሙ በ1982 ዳግመኛ ሲታይ ልጆቹ የቴፕ መቅረጫ ደብቀው ገቡና ድምፁን ቀዱት። ከዚያም የአብነት ተማሪ ዜማውን ከመምህሩ አፍ እየሰማ በቃሉ እንደሚይዝ፣ ንግግሩን፣ ሙዚቃውንና የጥይቱን ድምፅ ሳይቀር ደጋግመው እየሰሙ ያዙት። የጎደላቸውን ከመጽሔትና ከታተመ የፊልም ጽሑፍ ለቃቀሙ። ኤሪክ የእያንዳንዱን ቀረጻ አቀማመጥ በወረቀት ላይ በሥዕል አሰፈረ፤ ሥዕሎቹ ከ600 በላይ ሆኑ። ካሜራው የት እንደሚቆም፣ ተዋናዩ በየት በኩል እንደሚገባ፣ ከኋላው ምን እንደሚታይ የሚወሰነው እዚያ ላይ ነበር። የሥራው ሁሉ ምሰሶ ይህ የሥዕል ክምር ነው። ካሴቱ ገና ከመጀመሪያው በእጃቸው ቢሆን ኖሮ፣ ልጆቹ ፊልሙን እንዲህ አጥንቱ ድረስ ባላወቁት ነበር።

ቀረጻው በአብዛኛው የሚካሄደው ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ በየክረምቱ ነበር። የልደትና የገና ስጦታ ምን እንደሚፈልጉ ሲጠየቁ ባርኔጣ፣ አለንጋ፣ የቆዳ ጃኬት ይሉ ነበር። መጀመሪያ የቀረጹት ብዙው ክፍል ስላላረካቸው ጣሉት፤ ወጪውም ጠቅላላ ከጥቂት ሺህ ዶላር አላለፈም። በዋናው ፊልም ላይ ያለችውን ጦጣ የክሪስ ቡችላ ተካቻት። በመክፈቻው ላይ ጀግናው የሚያመልጥበት አውሮፕላን በጀልባ ተተካ። ጀግናውን የሚያሳድደው ግዙፍ ድንጋይ ግን ሊተካ የሚችል አልነበረም፤ እሱ ከሌለ ፊልሙም የለም። ደጋግመው ሠርተው ካልተሳካላቸው በኋላ በመጨረሻ በፋይበርግላስ አበጁት። የሰርጓጅ መርከቡን ትዕይንት ለመቅረጽ ወደ አላባማ ግዛት ሞቢል ከተማ ተጓዙ፤ በዚያ ቤተ መዘክር የሆኑ እውነተኛ የጦር መርከብና ሰርጓጅ መርከብ ነበሩና። ጀግናው በጭነት መኪና የሚጎተትበት ትዕይንት ላይ ደግሞ ክሪስ ራሱ ተጎተተ።

ከዚህ የከፋም ነበር። ኔፓል ውስጥ ያለው መጠጥ ቤት የሚቃጠልበት ትዕይንት የተቀረጸው በኤሪክ እናት ቤት ምድር ቤት ውስጥ ነው። እሳቱ እውነተኛ ነበር፤ የተዋናዮቹ ልብስ ሳይቀር ነደደ። ወላጆች የሆነውን በምስል ሲያዩ ሥራውን አስቆሙት፤ የተፈቀደውም ኋላ ላይ፣ አዋቂ አብሮ እንዲገኝ ተደርጎ ነው። ሌላ ጊዜ የኤሪክን ፊት ቅርጽ ለማውጣት የተለሰነው ጀሶ ደርቆ አልላቀቅ ስላለ ልጁ ሆስፒታል ተወሰደ፤ ጀሶው ሲነሳ ቅንድቡን ይዞ ሄደ። የልጆቹ ጽናት የሚደነቅ ነው፤ ይህኛው ክፍል ግን ለሌላ ልጅ አርአያ ሊሆን አይችልም፤ ያለ ከባድ ጉዳት ያለፈውም በዕድል ነው።

ትዕይንቶቹ በቅደም ተከተል ስላልተቀረጹ የልጆቹ ዕድሜ በፊልሙ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይላል። በአንዱ ትዕይንት ጀግናው ቀጭን ድምፅ ያለው ድቡልቡል ልጅ ነው፤ በር ከፍቶ ሲገባ ቁመቱ ረዝሟል፣ ድምፁ ጎርንኗል፤ ቀጥሎ ደግሞ ተመልሶ ሕፃን ይሆናል። በመርከቡ ላይ የሚታየው መሳሳም ለክሪስ በሕይወቱ የመጀመሪያው ነበር። ሆሊውድ በምንም ያህል ገንዘብ ሊያመጣው የማይችለው ነገር ይህ ነው፤ ፊልሙ ስለ ታቦት እየተረከ ሳለ የሦስት ልጆች ማደግ ሳይታሰብ ተቀርጾበታል።

የምስል ቅንብሩ የተሠራው በአካባቢው የቴሌቪዥን ጣቢያ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ነው። በ1989 ፊልሙ በአካባቢው በነበረ የኮካኮላ ፋብሪካ አዳራሽ ለቤተሰብና ለወዳጅ ታየ። ከዋናው የቀረ አንድ ትልቅ ትዕይንት ብቻ ነበር፤ ጀግናው ከአንድ ፈርጣማ ናዚ ጋር በአውሮፕላን ሥር የሚደባደብበትና አውሮፕላኑ የሚፈነዳበት። ለዚያ አቅሙም መሣሪያውም አልነበራቸውም። ከዚያ በኋላ ኤሪክና ክሪስ ተቀያየሙ፤ ሁሉም ወደየሕይወቱ ሄደ።

ካሴቱ ግን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀዳ ይዞር ነበር። አንዱ ቅጂ ኤሊ ሮዝ ለተባለው ፊልም ሠሪ ደረሰና እርሱ ለሌሎች አሳለፈው። በታኅሣሥ 2002 በቴክሳስ ኦስቲን በተካሄደ የፊልም ማራቶን ላይ የተወሰነው ክፍል ታየ፤ ለቀጣዩ ፊልም ሲባል ሲቋረጥ ተመልካቹ ተቃወመ። በግንቦት 2003 እዚያው ከተማ ሙሉው በይፋ ቀረበ። ስፒልበርግም አይቶት ለሦስቱ የአድናቆት ደብዳቤ ጻፈላቸው። የታሪኩ ባለመብቶች ሌሎች በመሆናቸው ፊልሙ ለብዙ ዓመታት በካሴትም ሆነ በዲስክ ለገበያ ሊቀርብ አልቻለም፤ የሚታየው በልዩ ዝግጅቶች ላይ ነበር። በ2014 አርባ ዓመትን የተሻገሩት ጓደኛሞች ዳግመኛ ተገናኝተው ከአድናቂዎች ገንዘብ አሰባስበው፣ ከዝናብና ከጭቃ ጋር እየታገሉ፣ የቀረውን የአውሮፕላን ትዕይንት ቀረጹ። ይህን የሚያሳይ ጥናታዊ ፊልም በ2015 ወጣ።

ይኸው ልማድ በሌላ አገር ሌላ መልክ ይዟል። በሕንድ ማሃራሽትራ ግዛት በሽመና ፋብሪካዎቿ በምትታወቀው ማሌጋዎን፣ ትንሽ የቪዲዮ ማሳያ ቤት የነበረው ናሲር ሼክ በ1975 የወጣውን ዝነኛውን «ሾሌ» ከከተማው ሰዎች ጋር በ2000 አካባቢ እንደገና ሠራው። የዋናው ፊልም ሽፍቶች በፈረስ ሲጋልቡ የማሌጋዎኖቹ በብስክሌት መጡ፤ ታሪኩም ወደ ቀልድ ዞረ። በ2008 ፈረንሳዊው ሚሼል ጎንድሪ «ቢ ካይንድ ሪዋይንድ» በተሰኘ ፊልሙ፣ የሱቃቸው ካሴቶች ይዘት በሙሉ የተሰረዘባቸው ሁለት ሰዎች ፊልሞቹን በካርቶንና በቆርቆሮ ከትዝታቸው መልሰው ሲሠሩ አሳየ፤ በየከተማው ያሉ ወጣቶችም ይህን አይተው አጫጭር ቅጂዎችን መሥራት ያዙ።

በናይጄሪያ ሌጎስ ግዛት የሚገኙት «ኢኮሮዱ ቦይዝ» የተባሉት ወጣቶችም በዚህ መንገድ ከታወቁት መካከል ናቸው። በ2020 የኔትፍሊክስን «ኤክስትራክሽን» ማስታወቂያ በቤት ዕቃ ቀርጸው አቀረቡ፤ መኪናው የእጅ ጋሪ ነበር። ድርጅቱም የመቅረጫ መሣሪያ ላከላቸው። እነርሱ ዋናውን ፊልም በስልክ ያዩታል፣ በፈለጉበት ያቆሙታል፣ ሲጨርሱም ሥራቸውን ከዋናው ጎን አስቀምጠው ባንድ ጊዜ ያሳያሉ። ተመልካቹ በአንድ ወገን ባለብዙ ሚሊዮን ዶላሩን ፍልሚያ፣ በሌላው ወገን የእጅ ጋሪውንና የመንደሩን አሸዋ እያስተያየ ይመለከታል።